ታናሽን «እርስዎ» ማለት

«በብርሃን ፍጥነት አካባቢ ለሚጓዝ ሰው ጊዜ የሚዘገየው ልክ እንደ ዘመን አቆጣጠራችን ነው» አለች ውዳሴ ሰሌዳው ፊት ቆማ። «እኛ ከፈረንጆቹ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ እንቆጥራለን አይደል? እሱም እንደዚያው ነው።»

ይህን ያስረዳቻት ጓደኛዋ ምሥራቅ ናት፤ ውዳሴም ቃል በቃል ሸምድዳ ነው የመጣችው። የዛሬው ገለጻ ከተበላሸባት የፊዚክስ ውጤቷ ይወርድና በሚቀጥለው ዓመት ናቹራል ሳይንስ ክፍል የመግባት ነገር አበቃለት። ከጠዋት ጀምሮ ስትሸመድድ ነው ያረፈደችው።

ቲቸር ሰብስቤ አገጫቸውን አሻሹ። እኛና ፈረንጅ የምንለያየው በአቆጣጠር ብቻ ነው፤ ፈረንጅ ቦሌ ስላረፈ በሰባት ዓመት ወጣት አይሆንም፤ ታዲያ ያ ተጓዥ ሲመለስ ወጣት የሚሆነው በእውነት ነው ወይስ ወረቀት ላይ ብለው ጠየቋት።

ምሥራቅ ከፊት ወንበር ሆና «አንጻራዊ ነው በይ» እያለች በከንፈሯ ትወተውታለች። ቃሉ ደግሞ ያምራል፤ ብትለው ማንም አይነቃባትም ነበር። ውዳሴ አፏን ከፈተች። ግን ያልገባትን ነገር ተሸክሞ መዞሩ መረራት።

«ቲቸር፣ እውነቱን ለመናገር አልገባኝም።»

ከኋላ አንዱ «ተበላች!» ብሎ ሳቀ። ቲቸር ግን አልተቆጡም። ታናሽ አለሽ ወይ አሏት። አዎ፣ ታናሽ አለቻት፤ ሜሪ፣ ገና ሦስተኛ ክፍል፣ ምላሷ የማይቻል ልጅ።

«እንግዲህ ከብርሃን በጥቂት በሚያንስ ፍጥነት ሄደሽ፣ በራስሽ ሰዓት ሁለት ዓመት ቆይተሽ ተመለስሽ። ሰዓትሽ አልተበላሸም፤ ልብሽም እንደ ወትሮው ነው የመታው። ቤቴል፣ ቤታችሁ ደርሰሽ ስታንኳኪ በሩን የከፈተችልሽ ሜሪ ፀጉሯ ሸብቷል፤ የልጅ ልጅ አቅፋለች። ምን ትያታለሽ? ‹አንቺ› ወይስ ‹እርስዎ›?»

ውዳሴ ያቺን ጉደኛ በሽበት አሰበቻት። ታላቅሽ ነኝ፣ አክብሪኝ እያለች ስንቴ ተጣልታታለች! አሁን እሷን «እርስዎ» ልትል ነው። ሳቋ አመለጣት፤ ከሳቁ ጋርም ነገሩ ፍንትው አለላት።

«‹እርስዎ› ነው የምላት» አለች። «ወረቀት ላይ አይደለማ፤ ያን ሁሉ ዕድሜ በእውነት ኖራዋለች። እኔ የኖርኩት ሁለቱን ብቻ ነው።»

«ይኸው ገባሽ» አሉ ቲቸር።

እፎይ! ከጠዋት ጀምሮ የያዛት ጭንቅ ለቀቃት። ቲቸርም በቃ ተቀመጪ፣ ሰኞ ተዘጋጅተሽ ታቀርቢዋለሽ አሏት። ምሥራቅ አቀርቅራለች፤ ቀጣዩ ተራ የእሷ ነው፣ የያዘችውም ያንኑ የዘመን አቆጣጠር ነው።

ውዳሴ አልተቀመጠችም። ዳስተሩን አንስታ የጻፈችውን ሁሉ አጠፋችና፣ ምሥራቅም እንድትሰማ ቀና እስክትል ጠበቀቻት።

«ከመጀመሪያው ልጀምር» አለች። «ሜሪ ታናሼ ናት። ጉዞዬ ሲያልቅ ግን ታላቄ ትሆናለች።»