ማርስ ላይ የቀረው ትንፋሽ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ቅዳሜ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግታለች።

በእንዲህ ያለ ሰዓት ሰው ይፈራል?... እኔም አይመስለኝም ነበር።

ሥራዬ ማርስ ላይ የቆመች፣ ሰው የሌለባት አንዲት ትንሽ ጣቢያን መከታተል ነው። ሙቀቱን፣ ነፋሱን፣ እርጥበቱን ትለካለች። ጎረቤታችን ማርስ ድሮ ውሃ ነበራት ይባላል። እንዴት ደርቃ እንደቀረች ለማወቅ ነው ልፋቱ ሁሉ።

ባልደረቦቼ አንድ በአንድ ወደ ሌላ ሥራ ተዛወሩ። ቤቴም ስገባ የሚጠብቀኝ ሰው የለም።

እውነቱን ልናገር... ጠዋት ሥራ ስጀምር "እንዴት አደርሽ?" የምለው ለእሷ ነበር። ጅል በሉኝ።

ሌሎቹን ጣቢያዎች አቧራ ሸፍኖ ገደላቸው። የእኛዋ ኃይል የምታገኝበት የፀሐይ ፓነል ግን ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። "ነፋሱ ይወዳታል" እያልን እንስቅ ነበር።

ያን ቀን የመጣሁት ልዘጋት ነው። ከእሷ ጋር የምንገናኝበት መስመር ለአዲስ ጣቢያ ተፈልጓል።

የክፍላችን ኃላፊ ደወሉ። ሁላችንም "ጋሼ" ነው የምንላቸው።

"አልዘጋሽም እንዴ የኔ ልጅ?"

"አሁን ልዘጋ ነው ጋሼ።"

"በይ እንዳታለቅሺባት። ብረት ናት።"

ሳቅሁ። ትእዛዙን ላክሁ።

እዚያ እስኪደርስ ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃል። እስከዚያው ቀደም ብላ የላከችውን መረጃ ከፈትሁ።

እርጥበት... ጨምሯል።

ማርስ ላይ! ጠብታ በሌለበት!

ቀጥሎ ሙቀቱ። ዙሪያው አጥንት የሚሰብር ብርድ ነው። መለኪያዎቹ ጋ ግን... ለብ ብሏል።

ከዚያ ነፋሱ።

ይመጣል... ይቆማል። ይመለሳል... ይቆማል።

ስልኩን አነሳሁ።

"ጋሼ... ለብ ያለ፣ እርጥብ፣ የሚመላለስ ነፋስ ምንድን ነው?"

"መሣሪያው አርጅቶ ነዋ።"

"ሦስቱም ባንዴ?"

ቁጥሮቹን አነበብሁላቸው።

"ጋሼ... ይሄ ትንፋሽ ነው።"

"ቀስ በይ። ማን አለ አጠገብሽ?"

"ማንም የለም።"

ያኔ ነው ፓነሉ ትዝ ያለኝ። ሰው መነጽሩን እፍ ብሎ እንደሚወለውል... ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ነገር ሲያጸዳላት ኖሯል። እንዳትጠፋበት።

እኔ ደግሞ አጠፋኋት።

ትእዛዙን የሚሰርዝ ሌላ ትእዛዝ ላክሁ። ግን እሱ ሲደርስ እሷ ተዘግታለች፤ አንዴ ከተዘጋች ደግሞ አትሰማም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

"ምነው ቀድሜ ባየሁት!" አልሁ። አለቀስሁ።

ጋሼ አላሾፉብኝም። ስልኩንም አልዘጉትም።

ጣቢያዋ ከመዘጋቷ በፊት አንድ የመጨረሻ ፎቶ ትልካለች። እንዲህ ነው የተሠራችው። ስንጠብቅ ቆየን... ደረሰ። ከላይ ወደ ታች በቀስታ መከፈት ጀመረ።

ደብዛዛ ሰማይ። ድንጋዮች። መሬቱ ላይ የተጋደመ የጣቢያዋ ጥላ።

ከጎኑ... ሌላ ጥላ።

አሸዋው ላይ ዱካ የለም። የቆመ ነገርም አይታይም። ጥላው ብቻ ነው ያለው።

"ምን ይታይሻል?" አሉ ጋሼ በሹክሹክታ።

ፎቶውን አጎላሁት።

ተቀምጧል። ጭንቅላቱን የአንቴናዋ ጥላ ላይ አስጠግቷል... የተዘጋ በር ላይ ጆሮውን ለጥፎ ከውስጥ ድምፅ እንደሚጠብቅ ሰው።

ከዚያ የማርሱ መስመር ተቋረጠ።

እስካሁን እዚያው ተቀምጦ ይሁን... አላውቅም። የምጠይቅበት መንገድ የለኝም።