የጨረቃ ወሰንተኞች

ሽማግሌው ዘይኑልአቢዲን በገበሬ ማኅበሩ እህል መጋዘን ውስጥ በገዛ ጥምጣማቸው ታንቀው ተገኙ። ጨረቃ ላይ መሬት ሸጠዋል ተብለው ታስረው፣ በዚያው ጠዋት ለፍርድ ሸንጎ ሊቀርቡ ነበር። ይህን ሽያጭ የትኛው ዐዋጅ እንደሚከለክለው ግን በአገሩ አጥርቶ የሚያውቅ አልነበረም።

በ1970 ዓ.ም. ሐይቅ ዳር መሬት መሸጥ ቀርቶ «የኔ መሬት» ብሎ አፍ መክፈት ያስጠይቃል። የቀድሞው ባላባት ዘይኑልአቢዲን መሬታቸው የተወረሰ ዕለት ቀና ብለው «ያችንስ ማን ወረሳት?» አሉ አሉ። ከዚያ ወዲያ ጨረቃ ሙሉ በሆነች ቁጥር ገዥያቸውን ሐይቁ ዳር እያቆሙ፣ ውሃው ላይ ያረፈችውን ጨረቃ በብትራቸው ይሸነሽኑለት ጀመር። ለአንዱ በዶሮ፣ ለሌላው በማር። ጉድ ነው መቼም፤ ሰው ግን ገዛ። የራሴ የሚለው ያጣ ሰው ምን የማይገዛው አለ።

የፖሊስ ሃምሳ አለቃ ሀምዱ ከውጫሌ ተጠርቶ ሲደርስ የማኅበሩ ግቢ ተቆልፎ ጠበቀው። ያስቆለፈው ከደሴ የመጣው ካድሬ ሙሉጌታ ነው።

«እዚህ ግቢ ያደርነው አራት ነን» አለው ሙሉጌታ። «እኔ፣ ሊቀመንበሩ ታረቀኝ፣ ምግብ የምትሠራው የሺሀረግና ዘቡ ኑርዬ። ገዳዩ ኑርዬ ነው። ቀትር ላይ መኪና ይመጣል፤ ይዤው እሄዳለሁ።»

«ወዴት?»

በዚያ መኪና ሄዶ የተመለሰ ሰው የለም። ኑርዬም ያውቀዋል፤ ከንፈሩ ደርቆ፣ ግድግዳ ተደግፎ ዱዓ ያደርጋል። ከፊቱ ሐይቁ፣ ከኋላው የአምባሰል ገደል፣ በሩ ላይ ጠብመንጃ። የት ይግባ?

ሀምዱ አጭር፣ ቀጭን፣ ምላሱ የማያርፍ ሰው ነው። መጀመሪያ ወደ ኑርዬ ሄደ።

«ዘብ ተብለህ ሰው ታስገድላለህ?»

«ሳርስ ውዬ እንቅልፍ ጣለኝ፣ ጌታው። ለሱብሂ ሶላት ስነሣ በሩ እንደተቆለፈ ነው፤ ቁልፉም ከሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ወላሂ እጄ የለበትም።»

«ያ ቁልፍ ሁልጊዜ እዚያ ነው የሚሰቀለው?»

«አዎ። ሁላችንም እናውቀዋለን።»

«መሬትስ ገዝተሃል?»

«አገር ያውቃል። በዶሮ ገዛሁ። ጨረቃ ላይ ያ ጠቆር ያለው የለም? ጥቁር አፈር ነው፤ እሱን ነው የሰጡኝ።»

የሺሀረግ ማድቤቱ ደጃፍ ተቀምጣ ታለቅሳለች።

«አንቺስ እትዬ፣ ጨረቃ ላይ ምን ልትዘሪ ነው?»

«ሳቅብኝ ልጄ፣ ሳቅ። ባሌ ሲሞት መሬቱን ለሌላ ደለደሉት። አንድ ቦታ እንኳ ስሜ ይጠራ ብዬ ነው። ማታ እራት ሳደርስላቸው አባባ ዘይኑ ደስ ብሏቸው ነበር። ‹ነገ ሸንጎ ፊት የሁላችሁንም ወሰን አስነግራለሁ። በአደባባይ ያልተነገረ ወሰን አይጸናም› አሉኝ።»

«ሁላችሁም ስንት ናችሁ?»

«እኔ የማውቀው ራሴንና ኑርዬን ነው።»

ሊቀመንበሩ ታረቀኝ ግን ነገር አላበዛም። «የሟቹ ጭሰኛ ነበርኩ፤ አባቴም፣ አያቴም» አለ። «ጓድ ሙሉጌታ እሰራቸው አለኝ፣ አሰርኳቸው። የጨረቃው ወሬ ያረጀ ሰው ቅዠት ነው። ለኔ ምኔ ነው?»

ሀምዱ ወደ ካድሬው ዞረ። «ጓድ፣ በየትኛው ዐዋጅ ልትከሳቸው ነበር? ጨረቃ ገጠር ናት ከተማ?»

«ገጠር ብትሆን በየካቲቱ፣ ከተማ ብትሆን በሐምሌው ዐዋጅ ተወርሳለች።»

«ለሱዳንም እኮ ትወጣለች።»

«አትቀልድ። መሬት መሬት ነው።»

ሀምዱ መጋዘኑ ገብቶ አፈሩን አጎንብሶ ሲያይ ቆየና አራቱንም አስጠራቸው።

«ሽማግሌው አልታገሉም» አለ። «ጆንያ ላይ ተቀምጠው፣ ይህን ክብ በብትራቸው ለእንግዳቸው ሲሥሉለት ነበር። ጎንበስ ሲሉ ያ እንግዳ ከኋላ አነቃቸው። ክቡ ጨረቃ ናት። ይሄ ጥቁሩ አፈር፣ የኑርዬ፤ የወሰን ድንጋዩ ቆሟል። ይሄ የእትዬ የሺሀረግ፤ ድንጋዩ ቆሟል። ከሁሉ የሚሰፋው ይሄኛው ግን በእግር ተጠርጓል፤ ድንጋዩም ተነቅሏል። ሁለቱ መግዛታቸውን አገር ያውቃል፤ የሚያጠፉት ምልክት የላቸውም። እንግዲህ ሦስተኛ ገዥ አለ። ወሰኑ ሸንጎ ፊት ከተነገረ የሚጠፋ ሰው ነው። የቀሩት ደግሞ ሊቀመንበሩና ካድሬው ናቸው።»

የሙሉጌታ እጅ ወደ ሽጉጡ ሄደ። «ምን አልክ?»

«ከሁለት አንዳችሁ ናችሁ ነው ያልኩት። የትኛችሁ እንደሆናችሁ አላውቅም።» ፈርቷል ሀምዱ። ቢሆንም የሽማግሌውን ብትር አነሣ። «እስከዚያው ሥራ እንጨርስ። ባለቤት የሌለው መሬት ለወሰንተኞቹ ይደለደላል።»

የየሺሀረግን ድንጋይ አንሥቶ ወደ ሰፊው መሬት ገፋው። ቀጥሎ የኑርዬን መስመር ይጎትት ጀመር።

«ኧረ የኔ እዚህ ድረስ ብቻ ነው» አለ ኑርዬ። «የሰው መሬት ሐራም ነው።»

«ዝም በል። እስከ ጫፉ ያንተ ነው።»

በርስቱና በሚስቱ ተመጥቶበት ዝም የሚል ገበሬ ወሎ አላበቀለችም። ሀምዱም የገበሬ ልጅ ነውና ይህን ያውቃል፤ መስመሩን ቀስ እያለ ጎተተው። ሙሉጌታ ሰዓቱን ያያል። ታረቀኝ የሚያየው ብትሩን ነው፤ ላቡ ካገጩ ይንጠባጠባል።

«እዚያ ላይ አቁም» አለ ታረቀኝ፣ ረጋ ብሎ። «ጥቁሩ አፈር ሲያልቅ የኑርዬ ወሰን ያልቃል። ከዚያ ወዲህ የኔ ነው።»

የተናገረውን የሰማው ከሰዎቹ በኋላ ነው። ተንበርክኮ የተጠረገውን አፈር በመዳፉ ዳሰሰ።

«ዐዋጁ ሲመጣ ጨፍሬያለሁ» አለ። «መሬት ሰጡኝ፤ ግን የኔ አይደለም። አልሸጠው፣ አላወርሰው፣ ጥዬው አልሄድ። ይሄን ከሳቸው እጅ በጥጃዬ ገዛሁ። የኔ ነው ስል እንባዬ መጣ። ማታ እግራቸው ላይ ወድቄ፣ ስሜን አይጥሩ፣ ይረሽኑኛል አልኳቸው። ‹የሸጥኩትን አልክድም፤ ወሰንህን በአደባባይ አስነግርልሃለሁ፣ ደስ ይበልህ› አሉኝ። ሊያከብሩኝ ነበር እኮ።»

ሀምዱ ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም።

መኪናው መጣ። ታረቀኝን የፊጥኝ አስረው ሊጭኑት ሲሉ ቆመና ወደ ኋላው ዞረ።

«ኑርዬ፣ ወሰኔን ሰማህ?»

ሙሉጌታ ዐይኑን ኑርዬ ላይ ተከለ። ለመሬት ሽያጭ ምስክር መሆን ምን እንደሚያመጣ ሁሉም ያውቃል፤ ኑርዬ ደግሞ ነፍሱ የተመለሰችለት አሁን ነው።

«ሰምቻለሁ ጋሽ ታረቀኝ» አለ።

የሺሀረግ ከኑርዬ ጎን መጥታ ቆመች።

«እኔም ሰምቻለሁ» አለች።