ብሎኑ ያስነካዋል

«ሌባ! ነጭ ሌባ!» አባቷ የተቆረጠውን ብረት እንደ ጦር ወዘወዘው። «ያ ጢሞ ጠማማ ማሽን አሸከመኝ!»

ብረቱስ በእርግጥ ያሳፍራል። ከዳር እስከ ዳር እኩል መውጣት ሲገባው፣ አንድ ጫፉ ወፍሮ ሌላው ሰልሎ ቁርጥ ካሮት መስሏል። ማሽኑ ግን ብረት እያሾረ የሚቀርጽ ቶርኖም፣ ብረት የሚፈለፍል ፍሬዛም በአንድ ገላ የያዘ፣ ያገለገለ ነገር ግን የተከበረ ማሽን ነው። ጎረቤታቸው ጋሽ ጢሞ ዕድሜ ልካቸውን ሠርተውበት፣ ዓይናቸው ሲደክም ነው የሸጡላቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ እሷን ብረት መቁረጥ ያስተማሯትም በዚሁ ማሽን ላይ ነው።

ትናንት ታላቅ ወንድሟ ማሽኑን ከጓዳው ወለል ጋር በብሎን ሲያስር፣ እሷ የእጅ ባትሪ ያዥ ነበረች። ወንድምየው ዩኒቨርሲቲ ከገባ ዓመት አልሞላውም፤ ቤቱ ግን «ኢንጂነሩ» ብሎ ሾሞታል።

«አንዱ እግሩ መሬት አልነካም እኮ» ብላው ነበር። «ከሥሩ ቆርቆሮ እናስገባለት። ጋሽ ጢሞ በውሃ ልክ ሳታዩ እንዳታስሩት ብለዋል።»

«ብሎኑ ያስነካዋል! አንቺ ባትሪሽን ያዢ።»

ብሎኑም አስነካው። እግሩ በግድ ወረደ፤ የማሽኑ ወገብም አብሮ ተጠማዘዘ።

አሁን ኢንጂነሩ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «እኔ በውሃ ልክ አስተካክዬዋለሁ፤ ችግሩ ከሻጩ ነው» ይላል። ውሃ ልኩ ከነአቧራው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል!

አባቷ ኮቱን አነሳ። «ሰፈር እየሰማ ነው የማዋርደው!»

ደሟ ፈላ። ብትናገር «በወንድምሽ ታሳብቂያለሽ?» መባል አለ። ዝም ብትል ደግሞ የቅዳሜው መምህሯ በገዛ ደጃቸው ሌባ ሊባሉ ነው።

መፍቻውን አነሳች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለ ወንድሟ።

«ውሃ ልክህን ላየው።»

ብሎኑ እምቢ አለ፤ የኢንጂነሩ ጉልበት እንኳ ውሸት አልነበረም። በሁለት እጇ ስትንጠለጠልበት ላላ። የማሽኑ እግር ቀጭ ብሎ ከወለሉ ተነሳ። ባትሪዋን ከሥሩ ስታበራ፣ ብርሃኑ በወዲያ በኩል ወጥቶ የአባቷ ጫማ ላይ አረፈ።

አባቷ አንድ እጁን ኮቱ ውስጥ እንዳስገባ ቀረ። ጫማውን አየ፤ ቀጥሎ ወንድ ልጁን አየ።

«በይ አምጪው፣ እኔ ልሰረው» አለ ኢንጂነሩ፣ እጁን ለመፍቻው ዘርግቶ።

መፍቻውን ኪሷ ከተተችና ውሃ ልኩን ከግድግዳው አወረደች። በተዘረጋው እጅ ላይ ባትሪውን አስቀመጠችለት።

«አንተ ያዝ» አለችው።