ከቁራ ገደል የመጣው ጥሪ

የተራራው ንጉሥ ስታይንግሪሙር ከቁራ ገደል ሥር ተጋድሞ ሲገኝ አፉ ክፍት ነበር። እየተጣራ የሞተ ሰው አፍ።

ንጉሥ ስላችሁ ዘውድ እንዳትፈልጉ። በእኛ ሸለቆ፣ በሰሜን አይስላንድ፣ ንጉሥ የምንለው በመከር በጎቹን ከተራራ የሚያወርዱትን ሰዎች የሚመራውን ገበሬ ነው። ሥልጣኑ ግን ከፕሬዚዳንት ይበልጣል። ፕሬዚዳንት በጉም መሐል ቆሞ «ወደ ግራ!» ቢል ማን ይሰማዋል? ጉማችን ደግሞ በዓለም አንደኛ ነው፤ ውሻ የገዛ ጭራውን ፍለጋ ወጥቶ ሳምንት ይቆያል።

ንጉሡ የሚያዝዘው በአንዲት ቃል ነው፤ «ስማላ!» የተበተነውን አንድ ላይ አድርግ ማለት ነው። ለበግ ብቻ አይደለችም። እናት ልጆቿን ወደ ገበታ ስትለቅም ስማላ፤ ቄሱ እሑድ ወንበሩ ባዶ ሲሆንባቸው ስማላ፤ ምርጫ ሲደርስ ፖለቲከኞች ሽማግሌዎችን ከየአልጋቸው ወደ ድምፅ መስጫ ሲነዱ ስማላ። ያለዚህች ቃል ሸለቆው የድንጋይ ክምር ነበር።

ሌላም የሚጣራባት አለ። ጥንት በበረዶ ማዕበል የቀረ እረኛ፣ ጉም በወረደ ቁጥር ዛሬም መንጋውን ይሰበስባል ይባላል። የመለሰለት ሰው ከሙታኑ መንጋ ይቀላቀላል። ስለዚህ ሲጣራ ዝም ነው።

ያን ቀን «ስማላ! ስማላ!» የሚለውን ድምፅ ብዙዎቹ ሰምተውታል። ማንም አልመለሰም።

መርማሪዋ ሶልቬይግ በማግስቱ ከከተማ ደረሰች። ዓይኗ የሹራብን ጥልፍ አልፎ ልብ ያነብባል የሚባልላት ሴት ናት፤ ይህን እንኳ እኔ አልጨመርኩበትም። በጎቹ በክቡ የድንጋይ በረት ታጭቀዋል። በሌላ ዓመት በዚህ ሰዓት ዘፈኑ ሰማይ ይነካ ነበር። አሁን የሚሰማው የበግ ትንፋሽ ብቻ ነው።

የሟቹ አማች ኪያርታን በፖሊስ መኪና ውስጥ ተቀምጧል።

«ከእሱ ቀጥሎ የነበርከው አንተ ነህ?» አለችው።

«አዎ። እሱ ከላይ፣ ከገደሉ አፋፍ፤ እኔ ከበታቹ። ሌሎቹ እየተራራቁ እስከ ወንዙ ድረስ። ወንዝ ዳር የነበረው ቶርጊልስ ነው።»

«ትናንት ጠዋት ተራራው ላይ ባደራችሁበት ጎጆ ውስጥ ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«‹ከእንግዲህ ንጉሡ አንተ ነህ› አለኝ። ‹እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፣ በጉ ራሱ ይስቅብኛል› አልኩት። ጮኸብኝ፣ ጮህኩበት።»

«ድምፁንስ ሰማህ?»

ኪያርታን እጆቹን አየ። «ሰማሁ። የእሱ መሰለኝ። ልወጣ እግሬን ሳነሳ፣ ‹ሙት እረኛው ነው፣ እንዳትመልሱ!› የሚል ቃል ከታች በሰው በሰው መጣ። ቆምኩ።»

የሟቹ ልጅ አልፍሄይዱር፣ የኪያርታን ሚስት፣ የገፋ ሆዷን ደግፋ መኪናውን ተደግፋለች። «አባቴን ቀብሬ ባሌን ለእስር ቤት ልስጥ? ይሄ ልጅ ማን ይዞት ሊያድግ ነው?»

«ማታ ይዤው እንድመለስ ታዝዣለሁ» አለች ሶልቬይግ። «ግን ገና ቀን ነው።»

ቶርጊልስን በረቱ ግንብ ላይ ተቀምጦ ሱረቱን ሲስብ አገኘችው። ከስታይንግሪሙር ቀጥሎ ተራራውን እንደ እሱ የሚያውቅ የለም። እርግጥ ከማንም በፊት ይህን የሚናገረው እሱ ራሱ ነው።

«ከወንዙ ንቅንቅ አላልኩም፣ ወዳጄ። ወንዙ ሲያጓራ አጠገቤ ያለውን ውሻዬን እንኳ አልሰማውም።»

«ይቺ ቀንደ ሰባራ ምን በድያት ነው እንዲህ የምታፈጥብኝ?» አለች ሶልቬይግ፣ በረቱ ውስጥ ወደቆመች አንዲት በግ እያየች።

ቶርጊልስ ሳቀ። «እሷ? የአልፍሄይዱር ናት። ሰይጣን! በየበጋው ከቁራ ገደል ደረት ላይ ነው የምትከርመው፤ እናቷም እዚያው ነበረች። ሰው ከበላይዋ ወጥቶ ካላባረራት እስከ ገና ወይ ፍንክች!»

ሶልቬይግ አመስግና ወደ በሩ ሄደች። በሩን የምትጠብቀው አሮጊቷ ሄርዲስ ናት፤ ሄርዲስ የሰው ስም ትረሳለች እንጂ የበግ ፊት አትረሳም።

«እማማ፣ ቀንደ ሰባራዋ ከማን መንጋ ጋር ገባች?»

«ከቶርጊልስ ነዋ! ቀድሞ እሱ ደረሰ፤ ሌሎቹ ገና ንጉሡን ይፈልጉ ነበር። ሁሌ ስታይንግሪሙር ነበር የሚያወርዳት። ገርሞኝ ነበር፤ ግን ሰው ሞቶ ስለ በግ ማን ያወራል?»

«እኔ አወራለሁ። በይ ሰዎቹን ስማላ አድርጊልኝ።»

በረቱ መሐል ተሰበሰቡ፤ ኪያርታንም ከመኪናው ወርዶ መጣ። ጉሙ ከተራራው እየተንሸራተተ ግንቡን ያልስ ጀመር።

«አንድ በአንድ እንሂድ» አለች ሶልቬይግ። «‹ሙት እረኛው ነው› ያለህ ማነው፣ ኪያርታን?»

«ከበታቼ ያለው።»

«አንተንስ?»

«ከበታቼ ያለው» አለ ቀጣዩ። ሌላውም እንደዚያው። ቃሉ እየወረደ እየወረደ ቶርጊልስ ዘንድ ሲደርስ፣ የሚጠቁመው ሰው አጣ።

«ከወንዝ ዳር የገዛ ውሻህን አትሰማም። ታዲያ ከገደሉ የመጣውን ድምፅ በየት ሰምተህ ነው ‹አትመልሱ› ያልከው?»

«ሰው... ሰው ሲያወራ...»

«ከአንተ በታች ዓሣ እንጂ ሰው የለም። ደግሞ ቀንደ ሰባራዋ አለች። ሰው ከበላይዋ ካልወጣ አትወርድም ያልከኝ አንተ ነህ። ስታይንግሪሙር አውርዷት ቢሆን ከኪያርታን መንጋ ጋር በገባች ነበር፤ ቀጥሎ ያለው እሱ ነው። አንተ ግን ከመስመሩ ኋላ በጉሙ ተሸፍነህ ወጣህ፤ ከገደሉ ወደ ወንዙ በሚወርደው የፏፏቴ ሸለቆ ስትመለስ እሷን ነድተህ ተመለስክ። ትናንት ጠዋት በጎጆው የተባለውን ሰምተሃል፤ ግድግዳው ስስ ነው። ዕድሜህን ሙሉ የጠበቅከው ንግሥና ለከተማ ልጅ ሊሰጥ ነበር።»

ሶልቬይግ በጣቷ ወደ ቀንደ ሰባራዋ ጠቆመች።

«ሰውየውን ገፍተህ ጣልከው፤ በጓን ግን ይዘህ ወረድክ!»

«በግ ገደል ላይ አይተውም» አለ ቶርጊልስ፣ ማንም ሳይጠይቀው ጸሎት እንደሚደግም ሰው። ከዚያ ያለው ነገር ገብቶት ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «የሞተ መስሎኝ ነበር። ስወርድ መጣራት ጀመረ።»

«ስንት ጊዜ ተጣራ?» አለች አልፍሄይዱር።

ቶርጊልስ አልመለሰላትም። ሌሎቹም አልመለሱላትም፤ ብዙዎቹ ሰምተው ነበርና።

ኪያርታን ተቀምጦበት የነበረው የፖሊስ መኪና ውስጥ ቶርጊልስ ገባ።

ዛሬ ንጉሡ ኪያርታን ነው። በጎቹ እንደፈራው ይስቁበታል። ባለፈው መከር፣ በዓለም አንደኛ የሆነው ጉማችን እንደገና ሲወርድ፣ ከቁራ ገደል በኩል «ስማላ!» የሚል ድምፅ መጣ። ኪያርታን ቆመ። ከዚያ «መጣሁ!» ብሎ ጮኸ፤ ከበታቹ ያለውም «መጣሁ!» አለ፤ ቃሉ እስከ ወንዙ ወረደ። ሁሉም ወደ ገደሉ ወጡ። ማንም አልነበረም። ቀንደ ሰባራዋ ብቻ ከገደሉ ደረት ላይ ቁልቁል ታያቸዋለች።

ኪያርታን ሊያወርዳት ከበላይዋ ወጣ። ሌሎቹ ግን ወዲያው አልወረዱም፤ ፊታቸውን ወደ ጉሙ መልሰው፣ «እዚህ ነን! እዚህ ነን!» እያሉ ቆዩ።