ከሰቢሪና ደጅ ያለው ምሰሶ

ሞባይል ገና በየሰው እጅ እየገባ በነበረበት ጊዜ ነው። ሰቢሪና በሮቤ ዳርቻ፣ ወደ ጎባ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ልብስ ትሰፋ ነበር። ከደጇ ያለው የመብራት ምሰሶ አርጅቶ ዘሟል። አንድ ጠዋት የሚንኳኳ ድምፅ ሰምታ ስትወጣ፣ አንድ ወጣት ጆሮውን እንጨቱ ላይ ለጥፎ በመዶሻ እየመታ ያዳምጣል።

«ምሰሶው ምን አለህ?» አለችው ሳቋን እየዋጠች።

ደነገጠ። «ውስጡ... በስብሷል።»

ኢህሳን ይባላል። የሰፈሩን አሮጌ ምሰሶዎች በኮንክሪት ሊቀይሩ ከመጡት ሠራተኞች አንዱ ነው። የተቀደደ ቱታውን እንድትሰፋለት ሰጣት። ሰፍታ መለሰችለት። በማግስቱ ቱታው ሌላ ቦታ ተቀዶ መጣ። ለምን እንደሆነ እሷም አልጠየቀችውም፣ እሱም አልተናገረም።

እናቷ አዴ ረቢያ ግን ገብቷቸዋል።

«ልጄ፣ አባትሽም ምሰሶ ላይ የሚወጣ ሰው ነበር» አሏት ቀስ ብለው። «ምን እንደወሰደው ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች። የበሰበሰ ምሰሶ ተሰብሮ ይዞት ሲወድቅ ሕፃን ነበረች። እናቷ ይህን ባሏት ቀን ኢህሳን ሲመጣ ዓይኑን ሳታይ ቱታውን ሰጠችው።

«አስቀየምኩሽ?»

«አንተ አይደለህም፣ ሥራህ ነው። አባቴን የወሰደው እሱ ነው... ነገ እኛ ደጅ ያለው ላይ ትወጣለህ። እኔ ማየት አልችልም።»

ቱታውን ይዞ ሄደ። በማግስቱ የጎረቤቱ ምሰሶ ሁሉ ሲቀየር የእነሱ ብቻ ቀረ። ኢህሳንም ጠፋ። ሳምንታት አለፉ። ሰቢሪና ተቀይሞኝ ነው ብላ፣ ስፌቷ ላይ አቀርቅራ ብዙ አለቀሰች።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ምሰሶ ደግፎ የሚይዝ ክሬን የጫነ መኪና ደጃቸው ቆመ። ኢህሳን ከኋላ ወረደ። አብሮት የመጣው ማሜ የሚባል አዛውንት ሠራተኛ ለአዴ ረቢያ አጫወታቸው።

«ይሄ ልጅ እዚህ የበሰበሰው ላይ ክሬን ካልመጣ እኔም አልወጣም፣ ጓደኞቼም አይወጡም ብሎ ከአለቃው ተጣላ። ተቆጥተው ጎባ መጋዘን ዕቃ እንዲያወርድ ላኩት። እዚያም ሆኖ ክሬኑን ሲጠይቅ ከረመ።»

አዴ ረቢያ ወደ ኢህሳን ዞሩ። «ፈርተህ ነው?»

«አዎ፣ አዴ። ፈራሁ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ብወድቅ ማን እንደሚያለቅስ አውቃለሁ።»

አዴ ረቢያ በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«የሷ አባት መፍራት አያውቅም ነበር» አሉ። «አንተ ግን ታውቃለህ። ሽማግሌ ላክ።»

ሰቢሪና በሩን ተደግፋ ሁሉንም ሰምታለች። ደፉ ላይ ተቀመጠች። ኢህሳን አጠገቧ መጥቶ ቁጢጥ አለ።

«የተቀየምኩ መስሎሽ ነበር?»

«ቢያንስ አንድ ቃል ብትልክልኝ...»

«ክሬኑን ሳልይዝ ምን ብዬ ልምጣ?»

ከኢድ በኋላ ኒካቸው ታሰረ። ኢህሳን ሥራውን አልተወም፤ እሷም ተው አላለችውም። ብቻ ከእያንዳንዱ ምሰሶ ሲወርድ፣ ጓንቱን ከማውለቁ በፊት ይደውልላታል።

«ሰቢሪና፣ ወረድኩ።»

«አልሃምዱሊላህ» ትለዋለች፤ ያኔ ወደ ስፌቷ ትመለሳለች።