«በቅርቡ» ያልኩት እኔ ነኝ

«ዛሬ አልሄድም» አለ አባቷ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ።

ሚጢ የደንብ ልብሷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አንግታ በሩ ላይ ቆማለች። እናቷ ሳይነጋ ለጽዳት ሥራዋ ስትወጣ «አባትሽን ታክሲ ሳታሳፍሪ ንቅንቅ እንዳትዪ!» ብላታለች። ኩላሊቶቹ ሥራ ካቆሙ ወዲህ በሳምንት ሦስት ጊዜ ሆስፒታል ሄዶ ደሙን በማሽን ያሳጥባል። እጥበት ይሉታል። ስሙማ ቀላል ነው፤ ሰውዬው ግን ከዚያ የሚመለሰው ተጨምቆ የተጣለ ጨርቅ መስሎ ነው።

«አባዬ፣ እየቀለድክ ነው አይደል?»

«ደከመኝ ሚጢ። መርፌው መረረኝ። እነዚያ ሚጢጢ ማሽኖችሽ እስኪመጡ ልረፍበት።»

ሚጢ ክው አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሳይንስ አስተማሪዋ ስለ ናኖ ቴክኖሎጂ ለክፍሉ ገለጻ እንድታደርግ አዘዋት ነበር። ቀኑም ዛሬ ነው፤ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ። ባለፈው ሳምንት የተለማመደችው አባቷ አልጋ ሥር ቆማ ነው። በዓይን ስለማይታዩ ማሽኖች፣ ሞለኪውልን ከሞለኪውል እየገጣጠሙ የተፈለገውን ዕቃ ስለመሥራት፣ ደም ውስጥ እየዞሩ ቆሻሻ ስለመልቀም አወራችለት። አባቷ ግንበኛ ነው። ነበር ማለት ይሻላል።

«ቆይ ቆይ፣ አንድ በአንድ እየደረደሩ? እንደ ጡብ?»

«እንደ ጡብ።»

«ታዲያ ውሃ ልኩን ማን ይይዝላቸዋል?» ብሎ ሳቀ። ከሳቀ ስንት ጊዜው! ከዚያ ቀና ብሎ ተቀመጠ። «ለኩላሊትም ይሆናሉ በይኛ?»

«ይሆናሉ ይላሉ።»

«መቼ?»

ያነበበችው ጽሑፍ «ምናልባት ከብዙ ዓሥርት ዓመታት በኋላ፣ ያውም ከተሳካ» ነበር የሚለው። እሷ ግን ያን ፊቱን አይታ አንጀቷ አልችል አለ። «በቅርቡ» አለችው። አንዲት ቃል ምን አላት? ከአፍ ስትወጣ እንኳ አትሰማም። ወይ ጣጣ!

አሁን ያቺ ቃል አባቷን አልጋ ላይ አስቀርታዋለች። ከዚህ በፊት አንዴ ከእጥበት ቀርቶ አባብጦ፣ ትንፋሽ አጥሮት፣ በሰው ሸክም ነው ሆስፒታል የደረሰው። ነርሷ ያን ቀን «ሁለተኛ እንዲህ ከቀሩ ላንደርስልዎት እንችላለን» ስትል ሚጢ በጆሮዋ ሰምታለች። ለእናቷ ልደውል አለች በሆዷ። እናቷ ጮኻ ታስነሳዋለች፤ ዛሬን ይሄዳል። ከነገ ወዲያስ?

ቦርሳዋን አውርዳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ዋሽቼሃለሁ።»

ብርድ ልብሱን ወደ ትከሻው ሳበ።

«በቅርቡ ያልኩት እኔ ነኝ። ጽሑፉ አይልም። መቼ እንደሚሆን ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው አያውቁትም። እኔ አርጅቼም ላይመጣ ይችላል።»

ቀስ ብሎ ዞረ። ዓይኑ ሥር አብጧል።

«እንደዚያ ከሆነ ዝም ብትዪኝ ምናለበት?» አላት። ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም። ቢቆጣት በወደደች።

«ዝም ብልህማ ትሞትብኛለህ!» አለችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ንፍጧን በደንብ ልብሷ እጅጌ ጠረገች፤ ለገለጻ ብላ የተኮሰችው ልብስ ነበር። አባቷ እጁን ዘረጋላት።

«በይ አንሺኝ። አለቃቅሰሽ ልትጨርሺኝ ነው እንዴ!»

ታክሲው ውስጥ «ትምህርትሽስ?» ቢላት «ይቅር» አለችው።

የእጥበት ክፍሉ ውስጥ ታካሚዎቹ በየማሽናቸው አጠገብ ተደርድረዋል። ነርሷ የአባቷን ክንድ እያዘጋጀች ሳለ፣ ከጎኑ ያለው ታካሚ፣ ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር፣ ሚጢን አይቶ ፊቱ በራ።

«አሃ፣ ሳይንቲስቷ መጣች! አባትሽ ስላንቺ ያላወራው የለም እኮ። ዕድሜ ላንቺ፣ ያቺን ልጄን ገላገልኳት።»

«ከምን?» አለች ሚጢ።

«አንዱን ኩላሊቴን ካልሰጠሁህ ብላ ስትነዘንዘኝ ከርማ፣ ለዛሬ ምርመራ አስይዛ ነበር። ትናንት ማታ ‹አርፈሽ ተቀመጪ፣ ሚጢጢዎቹ በቅርቡ ይመጣሉ› ብዬ አስቀረኋት። ያልወለደች ልጅ ናት፤ ለምን በከንቱ ትቀደድ?» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ።

ሚጢ አባቷን አየችው። እሱ ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። ሹፌሩ ይኼን ያህል ሲደሰት አይታው አታውቅም፤ ደግሞ ትቆጣኛለች ብላ ነርሷን ፈራች፣ ሌሎቹም ይሰማሉ። አሁን ወጥታ ብትሮጥ ለገለጻው አትደርስም፤ ግን ለመሸሽ ምክንያት ይሆናት ነበር።

«እኔ እነግረዋለሁ፤ አንቺ ሂጂ» አላት አባቷ በሹክሹክታ።

«አይ» አለች።

ጥግ ላይ ያለውን ወንበር ስባ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ስልክዎ ቅርብ ነው?»

«ኪሴ ውስጥ ነው። ምነው?»

«አንድ ነገር ልነግርዎት ነው። ስጨርስ ለልጅዎ ይደውሉላታል።»