ቁጥር ሁለት አይመልስም

ኦልጅራ የሞተው ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ጌጃ ሰፈር ባለ አንድ የቀለም ማምረቻ ውስጥ፣ ሁለተኛው ማደባለቂያ ታንከር ውስጥ ገብቶ የደረቀ ቀለም ሲፍቅ መቅዘፊያው ድንገት ዞረበት። ከጮኸበት ሞተሩ እስከቆመበት አምስት ሴኮንድ አልሞላም። በቂ ነበር።

ኢንስፔክተር ማናለብሽ ስትደርስ ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። አስከሬኑ ሆስፒታል ነው። ግቢው ውስጥ ያገኘቻቸው የማምረቻው ባለቤትና የሟች አጎት አቶ ገረሱ፣ ኤሌክትሪሺያኑ ፉፋ፣ እንዲሁም ማሽኖቹን ከቢሮ ሆና በኮምፒውተር የምታዘው መይሙና ነበሩ፤ ፉፋና መይሙና ልጁን ሆስፒታል አድርሰው ገና መመለሳቸው ነው። ማንም አያለቅስም። ለቅሶው ገና አልደረሰባቸውም።

አቶ ገረሱ ነገሩን ቀድመው ጨርሰውታል። ልጅቷ ቁጥር አንድ ማሽንን አስነሳለሁ ብላ ተሳስታ ቁጥር ሁለትን አስነሳች፤ እሳቸው ሮጠው የኤሌክትሪክ ማቋረጫውን ብሬከር ዘጉ፤ ፖሊስ እስኪመጣም ማንም አልከፈተውም። ይህ እውነት ከሆነ መይሙና በሃያ አራት ዓመቷ ሰው በመግደል ልትከሰስ ነው። እሷ ግን እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ «አንድን ነው ያስነሳሁት» ከማለት በቀር ራሷን አልተከላከለችም።

ማናለብሽ የማታውቀውን አውቃለሁ የምትል ሴት አይደለችም፤ ፉፋን ስለ ሽቦው ጠየቀችው። እያንዳንዱ ሞተር የራሱ መቆጣጠሪያ አለው፤ ትእዛዝ ከኮምፒውተሩ በሽቦ ይደርሰዋል። አርኤስ 232 የሚባለው የድሮው ዘዴ ለአንድ መቆጣጠሪያ አንድ ኬብል ይፈልጋል፤ ከአሥራ አምስት ሜትር በላይም ይደክማል። ቢሮው አርባ ሜትር ስለሚርቅ ፉፋ አርኤስ 485ን መረጠ። በዚህኛው ሁለት የተጠማዘዙ ሽቦዎች ሁሉንም ያዳርሳሉ።

«መቆጣጠሪያዎቹ ትእዛዙ ለማን እንደሆነ በምን ያውቃሉ?»

«በቁጥር። ሁሉም ይሰማሉ፤ ቁጥሩ የተጠራው ብቻ ይታዘዛል።»

«ሁለቱ አንድ ዓይነት ቁጥር ቢይዙስ?»

«ሁለቱም ይነሳሉ። ሲመልሱም እኩል ስለሚያወሩ ኮምፒውተሩ አይገባውም። ግን ቁጥሩን የሰጠሁት እኔ ነኝ። አሁንም እናንተ ብሬከሩን ስታስከፍቱ አይቼዋለሁ፣ ሁለት ነው የሚለው።»

ሁለቱም ማሽኖች ኃይል የሚያገኙት ከአንድ ብሬከር ነው። አንዱን ለማጽዳት ብሬከር መዝጋት የሌላውን ሥራ ስለሚያስቆም፣ በዚህ ቤት አይዘጋም፤ ለመይሙና ነግሮ መግባት ነው። ሁሉም ያውቁታል፣ ሁሉም ለምደውታል፣ አገራችን ውስጥ ደግሞ የለመዱት ነገር አደጋ አይመስልም።

መቆጣጠሪያዎቹ ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። የመጀመሪያው የቀለም ብናኝ ለብሷል። ማናለብሽ ጣቷን በሁለተኛው ላይ አሳለፈችና አየችው፤ ምንም አልያዘም። ከቅዳሜ ጀምሮ ወሊሶ ለቅሶ ላይ ቆይቶ ዛሬ ጠዋት የተመለሰው ፉፋም አብሯት አየ፤ ፊቱ ተለወጠ። ከዚያ ኮምፒውተሩ በየደቂቃው የመዘገበውን የመቆጣጠሪያዎቹን መልስ አስከፍታ ብቻዋን ረጅም ጊዜ አነበበች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስቱንም ቢሮ ሰበሰበቻቸው።

«ቁጥር ሁለት ሰኞ ከሰዓት ዝም አለ» አለች። «ሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደግሞ ቁጥር አንድ መንተባተብ ጀመረ። የሁለተኛው ማሽን መቆጣጠሪያ ተቃጥሎ በአዲስ ተተክቷል፤ ለዚህ ነው ብናኝ የሌለበት። ፉፋ፣ አዲስ መቆጣጠሪያ ከካርቶኑ ሲወጣ ቁጥሩ ስንት ነው?»

«አንድ» አለ ፉፋ።

«መይሙና አንድን አስነሳች። ሁለት አንዶች ተነሱ።»

መይሙና ቀና አለች።

«ኦልጅራ ከሞተ በኋላ፣ አራት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ላይ፣ ቁጥር ሁለት በደንብ መመለስ ጀመረ። አቶ ገረሱ፣ ብሬከሩ ተዘግቶ ከነበረ ኃይል የሌለው መቆጣጠሪያ እንዴት መለሰ? በዚያ ሰዓት እነዚህ ሁለቱ ሆስፒታል ነበሩ። የእህትዎን ልጅ ሌላ ሰው ተሸክሞት ሲሄድ እርስዎ ለምን ቀሩ?»

አቶ ገረሱ አመኑ። ፉፋ እስኪመለስ መጠበቅ አቅቷቸው መቆጣጠሪያውን ራሳቸው ቀይረዋል፤ ቁጥር ስለመስጠት አላሰቡም። ስህተቱን ያወቁት ልጁ ከታንከሩ ከወጣ በኋላ ነው። ብሬከሩን መልሰው ከፍተው የአዲሱን መቆጣጠሪያ ቁጥር ከአንድ ወደ ሁለት ቀየሩና ዘጉት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሳቸው ግን ያፈሰሱትን ሌላ ሰው እንዲለቅምላቸው ነበር የፈለጉት።

«እሷ ልጅ ናት» አሉ። «ፍርዱ ይቀልላታል ብዬ ነው።»

ፖሊሶቹ ይዘዋቸው ወጡ። ፉፋም ተከትሎ ወጣ። ማናለብሽ ለመይሙና ነፃ መሆኗን ነግራት ወደ ቤቷ እንድትሄድ አዘዘቻት። ልጅቷ ከወንበሩ አልተነሳችም።

«ጠዋት ለጋሼ ገረሱ ሁለት አይመልስም ብያቸው ነበር» አለች። «ሽቦው ላልቶ ነው፣ ዝም ብለሽ ሥሪ አሉኝ።»

«ታዲያ አንቺ ምን አጠፋሽ?»

«ኦልጅራ ሊገባ ሲል በዚህ በር ብቅ ብሎ ሰላም ነው? አለኝ» አለች መይሙና። «ሰላም ነው፣ ግባ አልኩት።»